ሟቾችን ማን ቆጠራቸው?



እህል ሸምቶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ቁና አንድ ሆኖ ሳለ ሰፋሪው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቁናውን እስኪከመር ድረስ ይሞላል፤ ሌላው አፉ ድረስ ሳይደርስ መዳፉን ያሳርፍበትና «ይኸው ሞላ» ይላል። ሁለቱም የሰፈሩትን «አንድ ቁና» ብለው ይጠሩታል። ልዩነቱ የሚታወቀው እናት ቤቷ ገብታ በራሷ ቁና ደግማ ስትሰፍረው ነው። ስፍርና ሚዛን ማጓደል ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ ልጆቻችን ገና በመድረሳ ሳሉ ሱረቱል ሙጠፊፊንን ሲቀሩ ይማሩታል።

ለመሆኑ የሚቆጠረው እህል ሳይሆን ሰው ሲሆንስ? በተለይ በግፍ የተገደለ ሰው ሲቆጠር ሰፋሪው ማነው? ቁናውስ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ አንድ ደረሳ ነው። ዕድሜው ከአሥራ አራት አይበልጥም። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ «ኡስታዝ፣ በሽብር የሚሞተውን ሰው የሚቆጥረው ማነው? ከሟቾቹ ውስጥስ እኛ አለንበት?» አለኝ። ነገሩን ሳጣራ በቀለም ትምህርት ቤት አብሮት የሚማር ልጅ «ዓለምን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ» ብሎት፣ እሱም መልስ አጥቶ ተሸማቆ መምጣቱን ተረዳሁ። እኔም በዚያች ሰዓት የሚረባ መልስ አልነበረኝም። «ውሸት ነው» ብሎ መካድ ቀላል ነው፤ ያለ ማስረጃ መካድ ግን ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ማሳፈር ነው። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ስጠኝ» አልኩትና ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትንም ለእሱ ብቻ ከምነግረው ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡና ትርጉሙ

ስለ ዓለም አቀፍ ሽብር ሲነሳ ለረጅም ዘመን ሲጠቀስ የኖረው መዝገብ የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ነው። ዘገባውን መጀመሪያ ያወጣ የነበረው ሲ.አይ.ኤ. የተባለው የስለላ ድርጅት ሲሆን፣ በኋላ ይህ ሥራ ለአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። በ1987 የወጣ ሕግ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ የሽብርን ሁኔታ የሚገልጽ ዘገባ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ግዴታ ጣለበት። «የዓለም ሽብርተኝነት ገጽታዎች» ልንለው የምንችለው ይህ ዘገባ እስከ 2004 ድረስ በየዓመቱ ሲወጣ ቆየ። ጋዜጠኛውም፣ ምሁሩም፣ ሹሙም «ሽብር ጨመረ» ወይም «ሽብር ቀነሰ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነበር።

ማንኛውም ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ግን የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በሕጉ መሠረት ሽብር ማለት በውጊያ ላይ ባልሆኑ ሰዎች ላይ፣ መንግሥት ባልሆኑ ቡድኖች ወይም በስውር ወኪሎች፣ ታቅዶና ለፖለቲካ ዓላማ ተብሎ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ነው። ድርጊቱ «ዓለም አቀፍ» የሚባለው ደግሞ ከአንድ አገር በላይ የሆኑ ዜጎችን ወይም ግዛቶችን የሚነካ ሲሆን ነው።

አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በል። አንደኛ፣ የመንግሥት ጦር በግልጽ በሚያካሂደው ዘመቻ የሚገደሉ ሰላማውያን ሰዎች በዚህ መዝገብ አይገቡም። ሁለተኛ፣ ገዳይም ተገዳይም የአንድ አገር ሰዎች ከሆኑና ግድያው በዚያው አገር ከተፈጸመ፣ የሟቾቹ ቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ በዓለም አቀፉ ድምር ውስጥ ቦታ የላቸውም። ይህ በራሱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ማንኛውም መዝገብ የሚይዘውና የማይዘው አለው። ጥፋቱ የሚመጣው ሰሚው ያልተመዘገበውን ሁሉ «አልሞተም» ብሎ ሲያስብ ነው።

ትርጉም ምን ያህል ቁጥርን እንደሚያዛባ ሁለት ምሳሌዎች ላቅርብ። በ1981 ሲ.አይ.ኤ. ባወጣው ዘገባ ዛቻዎችና የሐሰት ማስፈራሪያዎች ጭምር እንዲቆጠሩ በመደረጉ፣ ያለፉት ዓመታት ድምር በአንድ ጊዜ እጥፍ ወደ መሆን ተጠጋ። በእነዚያ ባለፉ ዓመታት ላይ አዲስ ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም፤ የተለወጠው ቁናው ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ በኦገስት 24 ቀን 2004 በሩሲያ የደረሰው ነው። በዚያ ምሽት ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአየር ላይ እንዲፈነዱ ተደርጎ ዘጠና ያህል ሰዎች አለቁ። ድርጊቱም፣ ሰዓቱም፣ ዓላማው አንድ ነበር። በዓለም አቀፉ ቆጠራ የገባው ግን አንደኛው አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በእሱ ላይ የውጭ አገር ዜጋ ተሳፍሮ ነበር። በሌላኛው የተሳፈሩት ሁሉ የአገሩ ሰዎች ስለነበሩ ከቁጥሩ ውጭ ሆኑ።

ናይሮቢ አንድ፣ ቧንቧ አንድ

ኦገስት 7 ቀን 1998 ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ፣ በፈንጂ የተሞላ መኪና ፈነዳ። አጠገቡ የነበረ ፎቅ ተደረመሰ። ከዋናው ፍንዳታ በፊት የተሰማውን ድምፅ «ምንድነው?» ብለው ወደ መስኮት የተጠጉ ብዙ የቢሮ ሠራተኞች የተሰበረው መስተዋት ዓይናቸውን አጠፋው። በዚያች ከተማ 213 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ አሜሪካውያን 12 ነበሩ፤ የቀሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠዋት ለሥራና ለጉዳይ ከቤታቸው የወጡ ኬንያውያን ናቸው። በዚያው ሰዓት በዳሬ ሰላም በደረሰው ሌላ ፍንዳታ 11 ሰዎች ሞቱ። የቆሰሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

የዚያ ዓመት ዘገባ ሲወጣ ምን አለ? በ1998 የደረሱት ዓለም አቀፍ የሽብር ጥቃቶች 273 መሆናቸውን፣ ይህም ካለፈው ዓመት 304 ያነሰና ከ1971 ወዲህ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ይኸው ዘገባ የሟቾቹ ቁጥር 741፣ የቁስለኞቹ 5,952 መሆኑንና በጠቅላላው የተጎጂው ብዛት እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ መሆኑንም አልደበቀም። እንግዲህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መዝገብ ውስጥ፣ ሽብር «ዝቅተኛ»ም «ከፍተኛ»ም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ቀላል ነው። ጥቃት ሲቆጠር የሚቆጠረው ክስተቱ እንጂ ሰው አይደለም። በዚያው ዓመት በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው በኮሎምቢያ አንድ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ 77 ጊዜ በፈንጂ ተመትቷል። ቧንቧው የብዙ አገር ኩባንያዎች ንብረት ስለሆነ እያንዳንዱ ፍንዳታ «ዓለም አቀፍ ጥቃት» ተብሎ ተመዘገበ። እንግዲህ በጫካ ውስጥ አንድ ሰው ሳይጎዳ የተበሳ ቧንቧ አንድ ይባላል፤ 213 ሰው ያለቀበት ናይሮቢም አንድ ይባላል።

የቧንቧው ነገር በዚህ አላበቃም። በ2001 በኮሎምቢያ የደረሱት እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች 178 ነበሩ፤ በ2002 ወደ 41 ወረዱ። የዓለም አቀፍ ጥቃቶች ድምርም በነዚሁ ሁለት ዓመታት ከ355 ወደ 199 ቀነሰ። እስቲ እናስላው፦ የድምሩ ቅናሽ 156 ነው፤ ከዚህ ውስጥ 137ቱ የቧንቧው ቅናሽ ነው። «ሽብር ወደ ግማሽ በተጠጋ መጠን ቀነሰ» የሚለውን ወሬ የሰማ ሰው ግን ዓለም ሰላም እየሆነች ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የቀነሰው በአብዛኛው በአንድ አገር ውስጥ የአንድ ቧንቧ መበሳት ነበር። በዚያው በ2002 ኦክቶበር ወር በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በቦምብ አልቀዋል።

የተጓደለው ስፍር

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። ኤፕሪል 29 ቀን 2004 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የ2003ን ዘገባ አወጣ። የጥቃቱ ቁጥር 190፣ የሟቾቹ 307 ነው ተባለ። ይህም ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው መሆኑ ተገለጸ። ምክትል ሚኒስትሩ ሪቻርድ አርሚቴጅም ዘገባው ሽብርን በመዋጋቱ ሥራ ድል እየቀናቸው ለመሆኑ ማስረጃ እንደሆነ ተናገሩ። ወቅቱ የኢራቅ ጦርነት የተፋፋመበት፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫም ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ነበር።

ይህን ጊዜ ሁለት ምሁራን፣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አለን ክሩገርና የስታንፎርዱ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ዴቪድ ሌይቲን፣ ያቺ እናት በቁናዋ ያደረገችውን አደረጉ። ምንም ምሥጢር አልሰረቁም። ከዘገባው ጀርባ የታተመውን የጥቃቶች ዝርዝር ወስደው አንድ በአንድ ደግመው ቆጠሩ። በሜይ ወር በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ እንዳሳወቁትም፣ «ከባድ» የሚባሉት፣ ማለትም ሰው የሞተባቸው፣ ክፉኛ የቆሰለባቸው ወይም ከ10,000 ዶላር በላይ ንብረት የወደመባቸው ጥቃቶች በ2001 ከነበሩበት 124 በ2003 ወደ 169 ከፍ ብለዋል። ይህ የ36 ከመቶ ጭማሪ ነው። የቀነሱት ቀላሎቹ ብቻ ነበሩ። ከባዱና ቀላሉ በአንድ ቁና ሲሰፈር ጭማሪው ቅናሽ መስሎ ታየ።

ከዚህ የባሰም ነበር። ዝርዝሩ የሚያበቃው ኖቬምበር 11 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ሳምንታት የሉም! በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ምን ሆነ? በኖቬምበር 15 በኢስታንቡል ከተማ ሁለት ምኩራቦች በቦምብ ተመቱ፤ በኖቬምበር 20 ደግሞ በዚያችው ከተማ የእንግሊዝ ቆንስላና አንድ ባንክ ተመቱ። በጠቅላላው ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። ወሩ የረመዳን ወር ነበር። ከሟቾቹ መካከል የአይሁድ እምነት ተከታዮች አሉ፤ የእንግሊዙ ቆንስል አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በመንገዱ የሚያልፉና በአካባቢው የሚሠሩ የቱርክ ሰዎች ነበሩ። የጾማቸውን ማፍጠሪያ ሳያዩ የሞቱ ሰዎች በዓመቱ መዝገብ ላይ እንዳልሞቱ ሆነው ቀሩ።

ሄንሪ ዋክስማን የተባሉ የምክር ቤት አባልም ለሚኒስትሩ ለኮሊን ፓወል ደብዳቤ ጽፈው ማብራሪያ ጠየቁ። በመጨረሻ ጁን 22 ቀን 2004 የታረመው ቁጥር ወጣ። ጥቃቶቹ 190 ሳይሆኑ 208፣ ሟቾቹ 307 ሳይሆኑ 625፣ ቁስለኞቹ 1,593 ሳይሆኑ 3,646 ሆኑ። የሟቹና የቁስለኛው ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። ፓወል ስሕተቱ የሚያሳፍር መሆኑን በይፋ አመኑ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ አለመሆኑንም ተናገሩ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አስተምረውኛል። አንደኛው፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለተናገረው ብቻ ወሬ እውነት አይሆንም። የሐዲስ ዑለማዎቻችን የአስተላላፊውን ዝናና ማዕረግ አይተው ብቻ ወሬ አይቀበሉም ነበር፤ ከማን እንደሰማ፣ ያኛውስ ከማን እንደሰማ እየተከተሉ ያጣሩ ነበር። ሁለተኛው፣ ስሕተቱን ያጋለጡት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ መንግሥቱም አርሞ አወጣው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ እኛንም ከአጓዳዮቹ ተርታ ያሰልፈናል።

ቁናው ሲሰፋ

በቀጣዩ ዓመት በ2005 የቆየው ዘገባ ቀረ፤ በምትኩ የወጣው አዲስ ዘገባ የአኀዝ ድምር የሌለው ሆነ። ቁጥሩን አዲስ የተቋቋመው ብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከል ለብቻው አቀረበ። በዚያ መሠረት በ2004 የደረሱት ከባድ ዓለም አቀፍ ጥቃቶች 651፣ ሟቾቹም 1,907 ሆኑ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማዕከሉ ትርጉሙን ለወጠ። «ዓለም አቀፍ» የሚለውን አጥር አንሥቶ በየአገሩ ውስጥ የሚደርሰውን ሽብር ሁሉ መቁጠር ጀመረ። ያው የ2004 ዓመት እንደገና ሲቆጠር 651 የነበረው 3,192 ሆነ። ለ2005 ደግሞ 11,000 ያህል ጥቃቶችና ከ14,500 በላይ ሟቾች ተመዘገቡ። ከጥቃቶቹ 30 ከመቶው፣ ከሟቾቹም 55 ከመቶው ገደማ በኢራቅ ብቻ የደረሱ ናቸው።

ወገኖቼ! በዚህ ለውጥ ወደ መዝገቡ የገቡት አዳዲስ ሟቾች እነማን እንደሆኑ አስተውሉ። የባግዳድ ገበያተኛ በባግዳዳዊ ሲገደል ቀድሞ «የአገር ውስጥ ጉዳይ» ነበር። በፓኪስታን መስጂድ ውስጥ በሶላት ላይ ሳለ በአገሩ ሰው የተገደለም እንዲሁ። አጥሩ ሲነሣ እነዚህ ሁሉ ተቆጠሩ። ያው ማዕከል የ2011ን ዘገባ ሲያወጣም፣ የሟቾቹን ሃይማኖት ለይቶ ማወቅ በተቻለባቸው ጥቃቶች ባለፉት አምስት ዓመታት ከሞቱት ውስጥ ከ82 እስከ 97 ከመቶ የሚሆኑት ሙስሊሞች መሆናቸውን አስፍሯል። «መለየት በተቻለባቸው» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ አልተውኩትም፤ የወሬውን ገደብ ቆርጦ ማስተላለፍ ራሱ ማጓደል ነውና።

ይህ አኀዝ ለደረሳዬ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። ግማሹን ብቻ ነግሬ ብሰደው ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘገባ ውስጥ ሌላ አኀዝ አለ፦ በ2011 በሽብር ከሞቱት 70 ከመቶ ያህሉን የገደሉት በሱኒ ሙስሊምነት ስም የሚንቀሳቀሱ አክራሪ ቡድኖች ናቸው። የመጀመሪያውን አኀዝ አንብቦ ሁለተኛውን መዝለል፣ ሲቀበል አሟልቶ ሲሰጥ እንደሚያጓድለው ነጋዴ መሆን ነው። ሁለቱ አኀዞች አብረው ሲነበቡ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ እሳቱ በቤታችን ውስጥ ነው፣ የሚቃጠሉትም በብዛት የቤቱ ልጆች ናቸው። ይህን አምኖ መናገር ውርደት አይደለም። ውርደቱ የገበያተኛዋንና የሰጋጁን ደም ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ ማዋል ነው።

ከ2012 ጀምሮ ማዕከሉ ያን መዝገብ ዘጋ፤ ለመንግሥቱ ዘገባ አኀዝ የማዘጋጀቱን ሥራ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ተረከቡት። ቆጣሪ ሲለወጥ አቆጣጠሩም ስለሚለወጥ የአንዱን ዘመን ቁጥር ከሌላው ጋር እንዲሁ አቀናንሶ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ለልጆቻችን ምን እንንገር?

ከሳምንት በኋላ ልጁን ጠራሁትና ያነበብኩትን ሁሉ እንዳለ ነገርኩት። የናይሮቢን፣ የቧንቧውን፣ የኢስታንቡልን፣ ሁለቱንም አኀዞች። ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ «ታዲያ ለዚያ ልጅ ምን ልበለው?» አለኝ። «የሞቱትን በብዛት እኛ መሆናችንን ንገረው፤ ከገዳዮቹም በስማችን የሚጠሩ ብዙ መኖራቸውን አትደብቀው። ከዚያ በኋላ በናይሮቢ የሞተችውን ጸሐፊና በባግዳድ የሞተውን ሱቅ በደረቴ አንተም እሱም እኩል እንድታዝኑላቸው ጠይቀው» አልኩት።

ወላጆች ሆይ! በየቤታችን ራዲዮና ቴሌቪዥን አለ፤ ዛሬማ በየልጁ እጅ ስልክ አለ። ቁጥር በየሰዓቱ ይዘንብባቸዋል። ቁጥር ሲሰሙ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። ማን ቆጠረው? ምንን ነው የቆጠረው? ማንን ነው ያልቆጠረው? እነዚህን ጥያቄዎች የባዕድ መንግሥት ሲናገር ብቻ ሳይሆን የእኛው ወገን ሲናገርም፣ በመስጂድ ደጃፍ የሚወራውንም ሲሰሙ ይጠይቁ። ለጠላው ወሬ ብቻ ማጣሪያ የሚያበጅ ሰው ማጣሪያ አለው አይባልም።

በሰው መዝገብ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ሟች በአላህ ዘንድ አልተረሳም። ያ ቀን ሲመጣ የማንም ደም «የአገር ውስጥ ጉዳይ» ተብሎ አይታለፍም፤ የአንድ ነፍስና የአንድ ቧንቧ ዋጋም አይምታታም። አላህ ሚዛናቸውን ከማያጓድሉት፣ ወገን ሳይለዩ እውነቱን ከሚመሰክሩት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።